ሳይታፈን የጎላ ድምፅ፦ የጋሽ አይቀመጤ የሕይወት ታሪክ

ታላቅ ወንድሜ በ1946 ዓ.ም. ከቧንቧ ሠራተኛው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታችን «ይሄ ልጅ ሆዴ ውስጥ ሆኖም አላስቀመጠኝ» ይሉ ነበር። ሰፈርተኛው «አይቀመጤ» አላቸው፤ ስሙም ተጣብቆባቸው ቀረ።

በ1965 ዓ.ም. በኤሌክትሮኒክስ ተመርቀው ጥቂት ጊዜ ሬዲዮ ከጠገኑ በኋላ ሙዚቃ ማሳተሚያ ቤት ገቡ። ሥራቸው ማስተሪንግ ነበር፤ ተቀርጾ ላለቀ ሙዚቃ፣ ከመታተሙ በፊት የመጨረሻውን የድምፅ ልክ መስጠት። በ1972 ዓ.ም. እዚያው ለመቀረጽ ከመጡት ድምፃዊት ጋር ትዳር መሥርተው ሴትና ወንድ ልጆች አፍርተዋል።

ሙዚቃን ለማጉላት በአንዴ መጫን አይወዱም ነበር። የበረታውን ድምፅ በአሮጌው ኮምፕሬሰር በትንሹ ይገሩታል፣ የሚያጓራውን ወፍራም ድምፅ ይቀንሱለታል፣ ኋላ ኮምፒውተር ሲመጣም የቀረውን ለእሱ ይተዋሉ። የጎላ ሁሉ ለጆሮ ያማረ ስለሚመስል፣ ከመፍረዳቸው በፊት አዲሱን ቅጂ ከዋናው እኩል ዝቅ አድርገው ያመዛዝኑ ነበር። ይህንንም ቁጭ ብለው ሳይሆን ኮሪደሩን እየተመላለሱ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቻቸውን መከራ እግዜር ይይላቸው።

በ1998 ዓ.ም. የባለቤታቸው አልበም በሲዲ ሊወጣ ሲል ወንድሜ የሌሎች ማሳተሚያ ቤቶች ሥራ ሬዲዮ ላይ ጎልቶ ሲያስተጋባ ሰሙና እልህ ያዛቸው። ከፍ ያለውን ድምፅ ጨፍልቆ ሁሉንም እኩል የሚያጎላውን አዲሱን የኮምፒውተር ሊሚተር እስከ ጥግ ጫኑት። ማመዛዘኑንም ዘለሉት። ሲዲው ታትሞ ሲወጣ የባለቤታቸው ትንፋሽ ከዜማው እኩል ይጮህ ነበር። ባለቤታቸው ታክሲ ውስጥ ሰምተውት ቤት ገቡና «ድምፁ የኔ ነው፤ እኔ ግን የለሁበትም» አሏቸው።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አልነበራቸውም። ዋናውን ቴፕ እያወጡ ደግመው ደጋግመው ሠሩት። ለስለስ ሲል ከሌሎች ዘፈኖች አጠገብ ይሞታል፤ ሲጎላ ሴትዮዋ ይታፈናሉ። ምሳ ጀምረው ይነሳሉ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ። እኔ በበኩሌ ሰልችቶኝ «አሁንስ ተዉን» ብያቸዋለሁ። አልሰሙኝም።

በ2014 ዓ.ም. በካንሰር ታመሙ፤ መድኃኒቱ ዕድሜ ቀጥሎላቸው ጆሯቸውን ወሰደ። በእውነት የተሰበሩት ያኔ ነው። ባለቤታቸው ግን ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። እሳቸው ማዞሪያውን ይነካሉ፣ ባለቤታቸው ያዳምጣሉ፤ ሲበዛ እጃቸውን ያዝ፣ ሲያንስ ገፋ ያደርጓቸዋል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው እስከ መጨረሻው አዳምጠው እጃቸውን ከማዞሪያው ላይ አነሱላቸው፤ «አሁን እኔ ነኝ» ሲሉም ወንድሜ ከንፈራቸውን አነበቡ። ቃላቸውን አምነው ማሽኑን አጠፉ።

ወንድሜ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ እህታቸው ቀርተናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

አሁን የምትሰሙት እሳቸው ያልሰሙትን ሥራቸውን ነው።