ሴፕቴምበር ላይ አልጋ የለኝም

ለምወድሽ እህቴ ለቪታሊን፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ያ የብራድፎርድ ብርድ አሁንም ደረጃ ባየሽ ቁጥር ያስቃስትሻል? ባልሽ ሬጂ እንዴት ነው፣ አውቶቡስ መንዳቱ ወገቡን አልጎዳውም? ልጆቹስ? ኮሌት ደኅና ናት? ደንዚልስ የፊት ጥርሱ በቀለለት? እኛ ደኅና ነን። ባሌ ሌኦን ደኅና ነው፣ ጀልባው ደኅና ነው፣ ጥቁሯ ፍየልም መንታ ወልዳለች። እኔ ግን ደኅና ነኝ ብልሽ እዋሻለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ደግሞ ላልዋሽሽ ምያለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የምታደርስልኝ ነርሷ ፊሎሜን ናት፤ ነገ ወደ እንግሊዝ ትበራለች። «ሰኞ በእጇ ካላስረከብኩ ስሜ ፊሎሜን አይደለም» ብላኛለች። ትኬትሽን እስከ ወሩ መጨረሻ መቀየር እንደሚቻል አንቺው ነግረሽኛልና፣ እባክሽን ሥራ ላይም ብትሆኚ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ልመናዬ አንድ ነው፤ ሴፕቴምበር ላይ ልጆቹን ይዘሽ አትምጪ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ይህንኑ ስልሽ ሳቅሽብኝ። «እትዬ፣ አንቺ መቼም እባብ ያየ በልጥ በረየ ነሽ። ደመና በዞረ ቁጥር አልጋ ሥር ልትገቢ ነው?» አልሽኝ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ከዚያ «ቆይ እንዲያውም ላንብብልሽ» ብለሽ ከትኬት ሻጮቹ ቢሮ ያገኘሽውን በራሪ ወረቀት አወጣሽ። «ሴፕቴምበር ጸጥታ ለሚወዱ ነው። ባሕሩ እንደ ዘይት ይረጋል፤ እንግዳው ጥቂት ነው፤ የአልጋ ዋጋም በግማሽ ይቀንሳል» ብለሽ ቃል በቃል አነበብሽልኝ። «አየሽ፣ የገዛ ከተማሽ እንዲህ እያለ ካንቺና ከወረቀቱ ማንን ልመን? ደግሞስ የእማዬ አሥረኛ ሙት ዓመት በሴፕቴምበር እንጂ በሌላ ወር አይደለም» አልሽ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ሁለት ጊዜ «ሄሎ» ብለሽ ዘጋሽው።

ቪታዬ፣ ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አምና ከፋሲካ በኋላ ሙሴ ኦክታቭ፣ ያ ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ ወደ ቤት መጣ። አሁን የከተማው የእንግዳ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኗል። «ኤውላሊ፣ ሦስት የሚከራይ ክፍል አለሽ፤ ጽሑፍም ትችያለሽ። ፖርት ሉሴትን መቼ መጎብኘት እንደሚሻል በአንድ ገጽ ጻፊልን» አለኝ። ጻፍኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት እንደማውቀው ነበር፤ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ባትመጡ ይሻላል፣ የአውሎ ነፋስ ወራት ናቸው የሚል። ሙሴ ኦክታቭ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘውና «እንግዳ የሚጠራ ወረቀት አልኩሽ እንጂ እንግዳ የሚያባርር አልኩሽ? ሰው ሁሉ እንዳንቺ ቢፈራ ይህች ከተማ በሸርጣን ብቻ ትኖር ነበር» አለኝ። ኮሚቴው በሙሉ ሳቀ። አፈርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ማፈር ብቻም አይደለም፤ በዚያ ወር ክፍሎቼ ባዶ ናቸውና ለራሴም አሰብኩ። ማታውኑ እንደገና ጻፍኩት። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም፤ ባሕሩም ይረጋል፣ እንግዳውም ጥቂት ነው። ለምን እንደሆነ ብቻ ነው ያልጻፍኩት። የማላውቀው ሰው አንብቦት ቢመጣ ምንም አይመስለኝም ነበር መሰለኝ። የገዛ እህቴ ታነበዋለች ብዬ አላሰብኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አሁን ሞኟም እኔ፣ ወረቀቱም የእኔ ሆነና ይኸው አንቺን ይዞ አልለቅ አለ።

ሌላም የደበቅሁሽ አለ። ይህኛውን ከመጻፌ በፊት ተነሥቼ ውሃ ጠጥቻለሁ።

ልጅ ሆነሽ ጁላይ ሲያልቅ የመንገዳችን ወንዶች ከቤት ቤት እየዞሩ ነፋስ እንዳይወስደው ጣሪያ ሲያስሩ ገመድ ታቀብያቸው እንደነበር ታስታውሻለሽ። ከማሰራቸው በፊት ደግሞ የእማዬን አቮካዶ ያያሉ። ዛፉ ቅርንጫፉ እስኪሰበር ካፈራ አውሎ ነፋስ ይመጣል፤ ባዶ ከሆነ ዓመቱ በሰላም ያልፋል። አያቶቻችን ያሉት ነው፤ ማንም አይጠራጠርም። አንቺ በሄድሽ በአራተኛው ዓመት ዛፉ ያፈራው አሥራ አንድ ፍሬ ብቻ ነበር። እማዬ በጣቷ ቆጠረቻቸው። ጎረቤታችን ሽማግሌው ቦኒፋስም መጥተው ቆጠሩና «ዘንድሮ ገመዱ ይረፍ፣ እኛም እንረፍ» አሉ። ያን ዓመት በመንገዳችን አንድም ጣሪያ አልታሰረም። ሌኦን ብቻ ገመዱን ተሸክሞ ወደ እማዬ ቤት መጣ፤ «ለምን ይቅርብን፣ ልሰርላቸው» አለ። የመለስኩት እኔ ነኝ። «አንተ ከዛፉ ልትበልጥ ነው? ሂድ ዓሣህን አጥምድ» አልኩት። እማዬ ሳቀች። ሌኦንም ገመዱን ይዞ ወደ ጀልባው ሄደ።

ባሕሩ ሦስት ቀን ረግቶ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አውሎ ነፋሱ መጣ። እማዬ ልቧ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀጥ ብሎ እንደሞተች የጻፍንልሽ ውሸት ነው። ቤት ውስጥ ነበርን፣ እሷና እኔ። በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ይዛ «ጠረጴዛው ሥር ግቢ» ትለኝ ነበር። ጣሪያው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ግድግዳው ወደ ውስጥ ወደቀ፤ እሷ ከሥሩ ሆነች፤ እኔ ከጠረጴዛው ሥር ሆንኩ። እጇን እስከ ከሰዓት በኋላ ይዤው ነበር። መቼ እንደቀዘቀዘ አላውቅም፤ የእኔም እጅ ቀዝቅዞ ነበር።

አሥር ዓመት ሙሉ ይህን ያልነገርኩሽ አንቺን እንዳይከብድሽ ብዬ ነው ስል ኖርኩ። አይደለም። ገመዱን የመለስኩት እኔ መሆኔን እንዳታውቂ ፈርቼ ነው። ብትጣይኝም አልፈርድብሽም። ግን መጀመሪያ ትኬቱን ቀይሪ፣ ከዚያ ጥዪኝ።

አቮካዶው እንደገና አቆጥቁጦ ዘንድሮ እንዴት እንዳፈራ ብታዪው፤ ሌኦን በሦስት ባላ ደግፎታል። ሽማግሌው ቦኒፋስ በየቀኑ አጥር ላይ ተደግፈው ያዩትና አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ትናንት «ልጄ፣ ይህ ዛፍ የተቆጣ ነው የሚመስለው» አሉኝ። እኔ ግን ባዶም ሆነ ሙሉ ዛፍ ማመን ትቻለሁ። የማምነው ወሩን ነው። ኦገስት ከገባ ጀምሮ እንጀራዬ ፍርሃት ሆኗል። ቆርቆሮ ሲንኳኳ የያዝኩት ከእጄ ይወድቃል። ሌኦን ጣሪያችንን ሁለት ጊዜ አስሮታል፤ እኔ ደግሞ በቀን አራት ጊዜ ወጥቼ ቋጠሮውን እጎትታለሁ። «ሴትዮ፣ አንቺው ልትፈቺው ነው» ይለኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላልና መፍራቴን ራሱን እፈራለሁ።

አሁን ለሙሴ ኦክታቭ መጻፍ የነበረብኝን ላንቺ ልጻፍልሽ። መምጣት ካማረሽ ገና ካለፈ በኋላ ነይ። ያኔ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ልብስ አስጥተሽ ሳትጨርሺ የመጀመሪያው ይደርቃል፤ ማታ ቀጭን ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ፌብሩዋሪ ካርኒቫል ነው፤ ኮሌት እንደ ልቧ ትጨፍራለች። በጾሙ ወራት ከተማው ጭር ይላል፣ ዓሣው ግን ይትረፈረፋል። ከፋሲካ በኋላ ሙቀቱ ይጠነክራል፣ ማንጎው ይደርሳል፤ ደንዚል ሸሚዙን ካላበላሸ የእኛ ዘር አይደለም። ጁን ላይ ዝናብ ይጀምራል፤ ዝናብ ብቻ ከሆነ ማን ይፈራዋል። ከዚያ ወዲያ ግን ያሉትን ወራት እኛ ራሳችን ጎንበስ ብለን ነው የምናሳልፋቸው። ኖቬምበር ላይ፣ የሙታን ቀን ሲደርስ፣ መቃብር ላይ ሻማ እናበራና ቀና እንላለን። ያን ቀን ሰው ሁሉ «አለህ?» «አለሁ» ይባባላል። ይኸው ነው ወረቀቱ።

ለሙት ዓመቱ አታስቢ። አባ ጀርቬን ጠይቄያቸዋለሁ። «የሞተ ሰው አይቸኩልም፤ እህትሽ በመጣች ቀን እቀድሳለሁ» ብለውኛል።

እንደማውቅሽ ግን ግትር ነሽ። «እትዬ ብትጮህም በሯ ላይ ስደርስ ታስገባኛለች» ብለሽ እንደምትስቂ ይታየኛል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ሦስቱንም ክፍሎች እስከ ኖቬምበር ዘግቻለሁ። አልጋዎቹን ፈትተን መደርደሪያ ላይ ሰቅለናል፤ መስኮቶቹ ላይ ሌኦን ሳንቃ መትቷል። ለሴፕቴምበር ቀጠሮ ይዘው ለነበሩት ሁለት ቤልጂጋውያን ባልና ሚስትም አትምጡ ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። ሙሴ ኦክታቭ ሰምቶ «ያ አውሎ ነፋስ ካንቺ ቤት እስካሁን አልወጣም ማለት ነው» አለኝ። የቤቴንም ስም ከኮሚቴው የማረፊያ ቤቶች ዝርዝር ሰርዞታል፤ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ ይመስለኛል። ይሰርዘው።

እህቴ ሆይ፣ ከአንድ ማሕፀን ወጥተን ይህን ቃል እጽፍልሻለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም፤ ሴፕቴምበር ላይ ላንቺም ለልጆችሽም በቤቴ አልጋ የለኝም። ብትመጪ በሩን አልከፍትልሽም። ፌብሩዋሪ ላይ ግን አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጥቼ ሻንጣሽን በራሴ እሸከማለሁ፤ ከዚያም የእማዬን ነገር ፊት ለፊት ትጠይቂኛለሽ፣ እኔም ሳልደብቅ እመልሳለሁ።

ሬጂን ሰላም በዪልኝ፤ ካንቺ ይልቅ እሱ ይሰማኛል፣ ደብዳቤውንም አሳዪው። ሌኦን ሰላም ብሏል፤ ለደንዚል ትንሽ መቅዘፊያ እየጠረበለት ነው፣ ለፌብሩዋሪ ይደርሳል። ሽማግሌው ቦኒፋስ ጉንጭሽን ስመውሻል፤ ዛሬም «ያቺ ገመድ አቀባይ» እያሉ ነው የሚጠሩሽ። ደንዚልን ሳሚልኝ። ኮሌት ደግሞ በስልክ «አክስቴ፣ ሴፕቴምበር ላይ ባሕሩ ምን ይመስላል?» ብላ ጠይቃኝ ሳልመልስላት ቀርቻለሁ። ወረቀቱ ላይ እንዳለው ነው በያት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደ ዘይት ረግቷል፤ ወንዶቹ ጀልባዎቹን ወደ ላይ እየጎተቱ ነው።

እህትሽ ኤውላሊ
ፖርት ሉሴት፣ ቅዳሜ ኦገስት 21