በመምህሩ ደጃፍ የተጋደመው ብረት

ወረታ፣ ኅዳር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

የስፖርት መምህሩ ለዞኑ ውድድር ከሚሄዱት አሎሎ ወርዋሪዎች ስሜን ሰርዞታል። «ሴት ልጅ ብረት ማንሳት አትችልም» ነው ምክንያቱ። ብረት የሚለው ወንዶቹ ሁለት የቀለም ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በቧንቧ አገናኝተው የሠሩትን ነው። ዛሬ ብረቱን፣ እርሻችን ላይ የሩዝ ጆንያ ብቻዬን እንደምሸከመው፣ መጀመሪያ ጉልበቴ ላይ አሳረፍሁት፤ ከዚያ ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። ሜዳውን አቋርጬ ቢሮው ደጃፍ ላይ አጋደምሁት።

«ማነው ይህን እዚህ ያመጣው?» አለ ሲወጣ።

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

«በይ አንሺው!»

«አትችይም ብለውኝ የለ እንዴ?»

ወንዶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እሱ ሱሪውን ሰብስቦ ብረቱን ተሻገረና ሄደ። ስሜን አልጻፈም። ትከሻዬ ተልጧል፤ ደስ ብሎኛል። ነገ ጧትም የሚገባው በዚያው በር ነው።