ከጨረቃ ኋላ

ሰኞ፣ ሰኔ

ሳፋችን ጨረቃ ሆነ። ቤት ውስጥ ያለው ትልቁ የውሃ ሳፋ እሱ ስለሆነ አማቴ አደይ ንግሥቲ አኮረፉኝ። ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ከተማ ሳፋን ለቴአትር መስጠት እብደት ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ለቅዳሜው የወላጆች ቀን የአማርኛ ክበብ አንድ ነገር ማሳየት አለበት፤ ክበቡ ደግሞ እኔው ነኝ። ድሮ ሦስት ሰዎች ጨረቃን ዞረው፣ ሳያርፉባት እንደተመለሱ አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ አነበብኩና ጻፍኩት። ርእሰ መምህሩ ለምን ይኼን እንደመረጥኩ ጠየቀኝ። ማንም የማያለቅስበት ቴአትር ፈልጌ ነው አልኩት።

ከኪዳነ ዛሬም ወሬ የለም። ባሌ የጦር መኪና ሹፌር ነው። ጦርነቱ ቆሟል ተብሏል፤ እሱ ግን ከፋሲካ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

ማክሰኞ

ልምምድ። የጉዞው መሪ ለታይ ናት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ፤ ድምፅዋ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። የካርቶኑ መንኮራኩር ተቀደደ፣ ተለጠፈ። እሱስ ቀላል ነው። መንኮራኩሩ ከጨረቃ ጀርባ ሲገባ ሬድዮው ይቋረጣል፤ እስኪወጡ ድረስ ምድር ላይ ያሉት ምንም አይሰሙም። እዚያ ላይ ሁሉም ዝም ይበል ብያለሁ። ርእሰ መምህሩ ዝምታው ረዘመ፣ ሰው ይሰለቻል አለ። እኔም አልቻልኩትም፤ ጠመኔ ላምጣ ብዬ ወጣሁ።

ራት ላይ አደይ ታሪኩን ንገሪኝ አሉ። ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እና ጓለይ፣ ልጄ፣ ከኋላው ሲገቡ ለእናቶቻቸው ማን ይነግራቸዋል?» አሉ። ማንም፣ ይጠብቃሉ አልኳቸው። ሽሯቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ሐሙስ

ትናንት ውሃ መጣ። ጨረቃዬን ከትምህርት ቤት ተሸክሜ መጥቼ ሞላኋት፣ ዛሬ ደግሞ ገልብጬ መለስኳት። ትከሻዬ የኔ አይመስለኝም።

አደይ ጥቁር ቀሚሳቸውን አጥበው አስጥተዋል። ምነው ብላቸው፣ ልብስ አይታጠብም ወይ አሉኝ። እኚህ ሴትዮ ልጃቸውን በልባቸው ቀብረውታል። ተናድጄባቸዋለሁ።

ሌላ ጣጣ፦ ለታይ ቀረች። ቀዳማይ ወያነ ገበያ ጨው የሚሸጡት አባቷ፣ አያ ሓጎስ፣ ከለከሏት። ታላቅ ወንድሟም ከግንባር አልተመለሰም። አንዱ ሄዶ ቀረብኝ፣ ሌላዋ ስትሄድማ በጨዋታም አላይም ብለዋል። ምን ይባላል? ቴአትሩ ይቅር አልኩ። የምፈልገው እንቅልፍ ብቻ ነው።

ቅዳሜ

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ርእሰ መምህሩና ጋቢ የተከናነቡ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። አንዱ ሌላው እንዲጀምር ይጠብቃል። በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሕፃንም ያውቃል፤ መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። የበሩን መቃን ያዝኩ። አደይ ከኋላዬ ጮኸው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። የጎረቤቱ በር ሁሉ ተከፈተ።

የመጡት ለለታይ ነበር! አያ ሓጎስ ገበያ ሳይወጡ ሊለምኗቸው እየሄዱ፣ እኔንም ሊወስዱኝ። ርእሰ መምህሩን ላብ አጠመቀው። አደይ ከተቀመጡበት መሬት ቀና ብለው «ልጄ፣ ዘንድሮ በዚህ ሰዓት በሽማግሌ ሰው ቤት አይመጣም» አሉት። ከዚያ ነጠላቸውን አንሥተው እኔም እሄዳለሁ አሉ።

አያ ሓጎስ ቤት የተናገሩት እሳቸው ናቸው። እኔ የነገርኳቸውን፣ ጨረቃውን፣ ሬድዮውን፣ ሁሉንም በትግርኛ አስረዷቸው። ትዞራለች እንጂ አትቀርም፣ መጥተህ በዓይንህ እይ አሏቸው። ሰውየው ልጅቷን ጠሩና ልበሺ አሏት።

ከሰዓት በኋላ ለታይ ከሳፋው ጀርባ ገባች። አዳራሹ ዝም አለ። ማንም አልሰለቸውም። እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር። በመጨረሻ ድምፅዋ መጣ፦ «ምድር፣ ምድር፣ ትሰሙናላችሁ?»

መላሹ ተማሪ አፉን ሳይከፍት አያ ሓጎስ ከፊት ወንበር ተነሡና «እንሰማለን» አሉ።

እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። እኔ አለቀስኩ። ማንም የማያለቅስበት ብዬ ነበር።

እሑድ

ደክሞኛል። ሳፋው ቤቱ ገብቷል፤ የቀባሁት ነጭ ቀለም ግን አልለቅ ብሏል፣ አደይም ይነጫነጩብኛል። ጥቁሩ ቀሚስ ገመዱ ላይ የለም። ሣጥን ውስጥ፣ ከሁሉ ሥር አየሁት። አልጠየቅኳቸውም።

ከኪዳነ ወሬ የለም። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንዲት ጎረቤት እንደ ልማዷ ስለ እሱ ጠየቀች። አደይ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥተው አያውቁም። ዛሬ ግን ቆሙ።

«ገና ከኋላው ነው» አሏት።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ቀረች። እኔ እጃቸውን ይዤ መንገዱን አሻገርኳቸው።