በዘንዶ እንቁላል የተያዘ ኒካህ

ሰኞ

እንቁላል ይጠበቅ ተባለ። የሰው ኒካህ በዘንዶ እንቁላል ተያዘ! ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ሊነሱ ነው ስንል አቶ ይመር ጉሮሮውን ጠረገ። ታናሽ እህቴን ሀያትን ለትዳር የጠየቃት ከማል ነው፤ ይመር አጎቱ ነው። ዱባይ አንድ ሀብታም ቤት አውሬ ሲቀልብ ኖሮ አምና ሁለት ዘንዶ ይዞ ወደ ከተማችን ሐይቅ ገባ። በየት አሳልፎ እንዳመጣቸው አላህ ይወቅ። ከዚያ ወዲህ ሊቅ ሆኗል።

“ዘር ከልጓም ይስባል” አለና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። በጣት መጠቆም ነውር ነዋ፤ ጨዋ ሰው ነው። ከዚያ ትምህርቱን ዘረጋው። ወንዱ ዘንዶ ቢጫ ነው፣ ዓይኑ ቀይ። ሴቷ እንደ ማንኛውም ዘንዶ ቡናማ ናት፣ ግን ተሸካሚ ናት። ቢጫው ደሟ ውስጥ ተደብቋል፤ እሷ ላይ አይታይም፣ ልጆቿ ላይ ይወጣል። ሀያትም እንዲሁ ናት አለ። እሷ ጠይም ብትሆንም እህቷን ተመልከቱ።

ሁሉም ዞረው ተመለከቱኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲያዩኝ እንዳልኖሩ! ነጭ ሆኜ ነው የተወለድኩት። ፀጉሬም ቆዳዬም ነጭ ነው፣ ዓይኔ ፀሐይ አይወድም። ስሜ ሰዓዳ ነው፤ ግን “ነጯ ጋ” ያለውን ሁሉ ባጃጁ ሳይጠይቅ ፀጉር ቤቴ በር ላይ ያወርደዋል።

ሼህ ሙሄ የሽማግሌዎቹ ታላቅ ናቸው። ጢማቸውን ዳብሰው ፈረዱ። ሴቷ ዘንዶ የጣለችው እንቁላል በዚህ ሳምንት ይፈለፈላል ተብሏል። አንድ እንኳ ቢጫ ከወጣ ይመር ያለው እውነት ነው፣ ነገሩ ይቅር። ሁሉም ቡናማ ከሆነ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኒካሁ ይታሰር። ደግሞ ተስማሙ! እናቴ ሳትቀር በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ይኼን ያህል ጢምና ጥምጣም ተሰብስቦ አንድ ሰው አልሳቀም።

ሀያት ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። እራት አልበላችም።

ማክሰኞ

ይመር ቤት ሄጄ ቢጫውን አየሁት። ዘንዶ ሲባል በሬ የሚውጥ መስሎኝ ነበር። ውፍረቱ ክንዴን አያህልም። ጥላዬ ገና ሲያርፍበት ራሱን መሐል ቀብሮ እንደ ኳስ ተጠቀለለ። ሀገሩ የሚሸበርለት ይኼ ፈሪ ነው።

ቆንጆ መሆኑን ግን አልክድም። ቢጫው የበሰለ ሙዝ ነው፣ በመሐሉ ነጭ ይሄድበታል። ሊያየው የመጣ ሁሉ “ማሻአላህ” ይላል። እነዚሁ ሰዎች ጠዋት መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰይጣን እንዳየ ሰው “አዑዙ ቢላህ” ነው የሚሉት። ለእባቡ ማሻአላህ፣ ለእኔ አዑዙ ቢላህ! ይኼን ሕዝብ ነው እንግዲህ ደግና ፍቅር የሚያውቅ እያሉ የሚዘፍኑለት።

አቶ ይመርን አንድ ነገር ጠየቅኩት። ልጅ ሳለሁ ደሴ ለዓይኔ ስታከም ሐኪሙ ለእናቴ “ከአንቺም ከአባቷም ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ ቢሆን አይወጣም ነበር” ሲላት ሰምቻለሁ። እና የእናንተስ ወገን ተመርምሯል ወይ አልኩት። “በእኛ ዘር የለም፣ ይታያል እኮ” አለ። የማይታይ ነገር አለ ብሎ ትናንት ሽማግሌ ሲያስተምር የዋለ ሰው!

እንቁላሎቹ ስድስት ናቸው፤ ቆዳ የመሰሉ ነጫጭ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ። ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ እርጥብ ሰጋቱራ ላይ፣ ከአምፖል ሥር። የሚጠብቃቸው ከማል ነው። መብራት ሲጠፋ ውኃ አፍልቶ በጠርሙስ ያሞቃቸዋል። ሰላምታ ሰጥቶኝ አቀረቀረ። ይኼም ሙሽራ ተብሎ! ሚስት የሚያስከለክለውን እንቁላል ቁጭ ብሎ ያሞቃል።

ረቡዕ

ዛሬ ሹሩባ ልትሠራ የመጣችው ሁሉ ሰላም ሳትለኝ “ተፈለፈለ?” ትላለች። አንዷ እባብ የጣለውን ቆዳ ለራስ ምታት አምጪልኝ አለችኝ። ሌላዋ ቢጫው ቆሌ ነው፣ ነገር አትናገሪው ብላ መከረችኝ። ጠበቅ አድርጌ ሠራኋት፤ ማታ ታስታውሰኛለች።

ሀያት ከሰዓት መጣችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከማልን ልቧ ወዶታል፣ ሌላ ሰው አታገባም፤ አውቃለሁ። “እታለም፣ ቢጫ ቢሆንስ?” አለችኝ።

“የምታገቢው ዘንዶውን ነው?” አልኳት። አልሳቀችም።

የሚያንገበግበኝ ያ ሰውዬ ግማሹን እውነት መናገሩ ነው። ሀያት ልትሸከም ትችላለች። ከማልም ሊሸከም ይችላል፣ ማን ያውቃል። ውሸት ቢሆን ሰድቤ እገላገል ነበር። ደግሞስ ቢወጣ ምን ይሆናል? እኔን የመሰለች ትወጣለች! ባርኔጣ ገዝታ ጥላ ጥላውን የምትሄድ፣ በዓይኗ የጎደለውን በጣቷ የምትሞላ ሴት። ሐይቅ ውስጥ እንደኔ ፀጉር የሚጎነጉን ማን አለ? ይኼ ነው እንግዲህ መቅሰፍቱ።

ሐሙስ

ተፈለፈሉ። አምስቱም ቡናማ!

እንቁላሉን በአፍንጫቸው ቀደው፣ ጭንቅላታቸውን ብቅ አድርገው ሲያዩ አረፈዱ አሉ። ስድስተኛው ጎድጉዶ ቀርቷል፤ ደርቋል፣ ይጣል ተባለ። ገና ዙሁር ሳይሰገድ ሽማግሌዎቹ ቤታችን ደረሱ፣ ጥርስ በጥርስ ሆነው። ሰኞ ዞረው ያፈጠጡብኝ ሰዎች ዛሬ “ሰዓዳዬ” ይሉኛል። በእንቁላል ሄደው በእንቁላል ተመለሱ።

አቶ ይመር ጥግ ይዞ ያጉረመርማል። ዘንዶዋን ተሸካሚ ናት ብሎ የሰጠኝ ሰው ሸወደኝ ይላል። ሼህ ሙሄ “ይመር፣ ዘሯን ሳታጣራ ነዋ የወሰድካት” ሲሉት ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። እሱ ላይ ለመሳቅ ማንም አይቀድመኝም።

እናቴ እልል አለች። ሀያት ግን እኔን ታየኛለች። ቡናማ መውጣታቸው ስለ እኛ ደም ምንም እንደማይናገር ሁለታችንም እናውቃለን። ለሳቂዎቹ ቡና ልቀዳ ተነሳሁ።

ዓርብ

ጠዋት ፀጉር ቤቱን ሳልከፍት ከማል በሩ ላይ ቆሟል፤ የዱቄት ወተት ጣሳ በጋቢው ሸፍኖ። ደረቀ የተባለውን እንቁላል ሳይጥለው አሳድሮት ኖሯል።

ከፈትኩት። ቢጫ! ትንሽ፣ እርጥብ፣ ዓይኑ ቀይ። ብርሃኑ ሲነካው ፊቱን አዙሮ ተጠቀለለ። እኔም ፀሐይ ላይ ስወጣ እንደዚሁ ነኝ።

“ማንም አላየም” አለ ከማል። “ኒካሁ እስኪታሰር አንቺ ጋ ይደበቅ፣ እታለም።”

ሀያት ታውቅ እንደሆን ጠየቅኩት። አሳይቷታል። ሳቀች አለ፤ ከሰኞ ወዲህ መጀመሪያዋ ነው። ለእታለም ውሰድላት፣ እሷ ያለችውን እናደርጋለን ብላዋለች።

ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኩት። ሀያት ልትሸከም ትችላለች፣ አንተም ትችላለህ፣ ሁለታችሁም ከሆናችሁ እንደኔ ያለች ልትመጣባችሁ ትችላለች አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጣሳው ውስጥ አየ።

“ነጭነቷን አልፈራም” አለ። “የምፈራው ምላሷ ያንቺን እንዳይመስል ነው።”

ያ ረቢ! በራሴ ላይ ሳቅሁ። እኔ!

እደብቀው ነበር፤ የሰው ሠራሽ ፀጉሩ ካርቶን ውስጥ ማን ያየዋል? ክዳኑን ልገጥም ስል ግን እጄ እምቢ አለ። ልጅ ሆኜ እንግዳ ሲመጣ እናቴ ጓዳ አስገብታ በር ትዘጋብኝ ነበር። የሰው ሳቅ በግድግዳ ነው የሰማሁት። ትንፋሼን ውጬ ስንቴ ተቀምጫለሁ! ለከማል ይኼ አይደበቅም አልኩት። ነገሩ ከፈረሰም ዓይን እያየ ይፍረስ። ከዚያ ጣሳውን አንስቶ “እኔ ነኝ የማሳያቸው” አለ።

ከጁምዓ በኋላ ሁሉም እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ከማል ጣሳውን ምንጣፉ ላይ፣ ሼህ ሙሄ ጉልበት ሥር አኖረው። “ቢጫው ይኸው። እኔ ሀያትን አገባለሁ” አለ። ያ አቀርቃሪው ልጅ ይኼን አለ! አንዱ ሽማግሌ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሀያት ከጓዳ ወጥታ፣ ማንም ሳይጠራት፣ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

ሼህ ሙሄ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። “ማሻአላህ” አሉ፣ እንደ ሁሉም። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩ። እኔም አየኋቸው፤ ባርኔጣዬንም አወለቅኩ። ሽማግሌው አቀረቀሩ። ሁለተኛውን ማሻአላህ ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ ለእኔ። ከዚያ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

“የሰጣችሁን በዕድሜ፣ በጤና ያሳድግላችሁ።”

አሚን ተባለ። እኔም አልኩ። ኒካሁ ታሰረ።

አቶ ይመር ከሁሉ በላይ ደስ ብሎታል፤ ዘንዶዬ ተሸካሚ ናት አላልኳችሁም ይላል። ሲወጣ ጣሳውን ስጪኝ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠሁትም። አሁን ፀጉር ቤት መስኮት ሥር አስቀምጬዋለሁ፣ ጥላው ጋ። ከፈለገው ሽማግሌ ይላክ። ዘሩን አጣርተን እንነግረዋለን።