መብራት ሲጠፋ ያልቆመው ንባብ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ በላይነህ፤

አባባ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የጎባ ብርድ ሰኔ ሲገባ እንደሚጠናብዎት አውቃለሁ። ካፖርትዎን ከሣጥን አወጡት ወይስ እንደ አምናው «ገና ነው» እያሉ ነው? የእማዬ ደም ግፊትስ? ጨው ቀንሳለች? ቀንሻለሁ ካለችዎት አይመኗት፤ እህቴን አስረሳሽን ይጠይቁልኝ። ያ አጥር የሚዘለው የጎረቤት ፍየል የጓሮውን ጎመን ተወላችሁ? ይኸው ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደርቤ መልስ ሳልጠብቅ ላልፍ ነው፤ ልጅዎን ያውቁታል። እኛ ሁላችንም ጤነኞች ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልቤ ግን አልረጋ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ አንዴ በሩን ልዘጋ፣ አንዴ የዘጋሁትን በር ልከፍት።

ያለነው እዚያው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ነው። ሥራዬም እዚያው ጉርድ ሾላ ያለው የትራንዚት ቢሮ ነው። የሰው ዕቃ ከጉምሩክ እናስወጣለን፤ የሚመጣው ሰው ሁሉ ዛሬውኑ ካልወጣልኝ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ነው። ቀኑን ሙሉ «ፍጠን» ስባል ውዬ፣ ማታ ቤት ስገባ ያንኑ ለቤተሰቤ አከፋፍላለሁ መሰለኝ። ባለቤቴ ሰገነት «ጉምሩኩን እዚያው ቢሮህ ትተኸው ግባ» ትለኛለች።

የምጽፍልዎት ስለ ልጄ ስለ ናዝሬት ነው። ስምንት ዓመት ሞላት፤ በመስከረም ሦስተኛ ክፍል ትገባለች። ያለችበት ትምህርት ቤት መጥፎ ባይሆንም ልጆቹ እንደ ጤፍ ከረጢት ታጭቀው ነው የሚማሩት። እኔም ወደ ጉርድ ሾላ መውረጃ ጥሩ የሚባል ትምህርት ቤት አገኘሁላት። አዲስ ልጅ የሚቀበሉት ግን በንባብ ፈተና ነው። መምህርቷ ሰዓት ትይዛለች፣ ልጁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ቃል እንዳነበበ ይቆጠርለታል።

አባባ፣ የልጅ ልጅዎ ማንበብ ነፍሷ ነበር። እራት ሲቀርብ እንኳ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ደብቃ ነበር የምትቀርበው። አነባበቧ ግን ቁርጥ የእርስዎን ነው። አንድ መስመር ታነብና ትቆማለች። ከገዛሁላት መጽሐፍ ውስጥ ጭቃ ስለያዛት አህያ የሚተርክ አንድ ገጽ አለ። «አህያዋ ጭቃው ውስጥ ወደቀች» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና አለችና ጭነቱን ማን እንዳወረደላት ጠየቀችኝ። መጽሐፉ እሱን አይናገርም አልኳት። ጭነቱ ሳይወርድማ እንዴት ትነሣለች አለችኝ። ከእንጦጦ እንጨት ተጭነው በበራችን የሚወርዱትን አህዮች በየቀኑ ስለምታይ ነገሩ አልዋጥላት ብሎ ነው። እኔ ስልኬ ላይ ሰዓት ከፍቼ ቆሜያለሁ። «አንብቢ እንጂ፣ ሰዓቱ ሄደ!» ብዬ ጮኽኩባት።

እርስዎ አንድ መጽሐፍ ይዘው ክረምቱን ሙሉ ሲከርሙ ልጅ ሆኜ በጣም ይገርመኝ ነበር። ዝናቡ መጥቶ ይሄዳል፣ እርስዎ እዚያው ገጽ ላይ ነዎት፤ ያነበቡትን መልሰው ያነቡና ብቻዎን ይስቃሉ። መቼ ነው የሚያልቀው ስልዎት፣ እንዳያልቅብኝ እየተጠነቀቅኩ ነው ይሉኝ ነበር። ሰገነትም ከእርስዎ ወገን ናት። እኔ ግን ዘንድሮ የሥራ ባልደረባዬ ያዋሰኝን ወፍራም ልብ ወለድ በሦስት ቀን ፉት ብዬ መለስኩለት። የትኛው ቦታ ደስ አለህ ብሎ ቢጠይቀኝ ሻይ ልጋብዝህ አልኩት።

ለማንኛውም ከፋሲካ ወዲህ ማታ ማታ ከእራት በፊት ልምምድ ጀመርን። ናዝሬት ታነባለች፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ። ሰገነት ልጅቱን እያስነበብካት ሳይሆን እያሳደድካት ነው ብትለኝም ጆሮ አልሰጠኋትም፤ ምክንያቱም ልጅቱ ቀን በቀን እየፈጠነች መጣች። የአህያዋን ተረት እንደ ውሃ ጠጣችው። ጥያቄ የለ፣ መቆም የለ። ሆዴ ቅቤ ጠጣ። አንድ ማታ ጎረቤታችንን ጋሽ ጉደታን ይምጡና ልጄን ይስሙልኝ ብዬ ጠራኋቸው።

ናዝሬት መጽሐፉን ይዛ ሳሎኑ መሐል ቆመች፣ እኔም ሰዓቱን አስነሣሁ። ሁለት መስመር እንደሄደች መብራት ድርግም አለ። ይህ መቼም ለሰፈራችን ብርቅ አይደለም። ስልኬን ይዤ ሻማ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ሳሎኑ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። የልጅቱ ድምፅ ግን አልቆመም። አባባ፣ በዚያ ጨለማ ማንበቧን ቀጠለች! አህያዋ ወደቀች፣ ተነሣች፣ ባለቤቷም አመሰገነ፤ አንድ ቃል ሳትገድፍ እስከ መጨረሻው አወረደችው። ሲያልቅም ከዚያው ከጨለማው ውስጥ «አባዬ፣ ስንት ሆነ?» አለችኝ።

ጋሽ ጉደታ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ሻማውን እንደያዝኩ ጓዳው በር ላይ ቀረሁ። እኔም ልጅ ሳለሁ እርስዎ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ «ሀ ሁ»ን በዜማ አንበለበልኩልዎትና፣ በስንደዶ ከመሐል አንዱን ፊደል ጠቁመው ይህስ ማነው ሲሉኝ አፌ ተያዘ። ያኔ ስቀው እንደገና ከ«ሀ» አስጀመሩኝ። እኔ ልጄን ከየት እንደማስጀምራት አላውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል» የሚለውን ግን እባክዎ አይጻፉልኝ፤ ሰገነትም ጋሽ ጉደታም በየተራ ነግረውኛል፣ ይህን ጊዜ እንቁላሉ ራሱ ጎባ ደርሷል።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ልምምዱን ተውን። በዚህ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ናዝሬት ግን ንባቡን ራሱን ተወችው። መጽሐፎቿ መደርደሪያው ላይ አቧራ ይጠጣሉ፤ ስታልፍ እንኳ ዞር ብላ አታያቸውም። አንድ እሑድ እንጦጦ ማርያም ይዣት ወጣሁ። ከቅዳሴ በኋላ ባሕር ዛፉ ሥር ሆነን ከቦርሳዬ አዲስ መጽሐፍ አወጣሁና፣ ዛሬ ሰዓት የለም፣ እንደ ፈቀደሽ አልኳት። ኪሴን አየችው። ስልኬን አውጥቼ አጠፋሁላት። የእጅ ሰዓቴን አየችው። እሱንም ፈታሁት። ከዚያ መጽሐፉን ተቀበለችኝና ሳትከፍተው መሬት ላይ አንጥፋ ተቀመጠችበት። ሣሩ እርጥብ ነው አለችኝ።

ፈተናው ባለፈው ቅዳሜ ነበር። ልናስቀራት አስበን ነበር፤ አትችይም ያልናት እንዳይመስላት ብለን ወሰድናት። ፈታኟ መምህርት ሳምራ ደግ ሴት ናት፣ ልጆቹ እንዳይረበሹ ሰዓቱን ከጠረጴዛው በታች ነው የምትይዘው። ናዝሬት ግን አንድ ቃል ባነበበች ቁጥር ቀና ብላ ፊቴን ታያለች። አንድ ቃል፣ ፊቴን። አንድ ቃል፣ ፊቴን። ደቂቃው ሲያልቅ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነበረች። አላለፈችም። መምህርት ሳምራ ለብቻዬ ጠርታ ይህች ልጅ መጽሐፍ ትፈራለች እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።

ትምህርት ቤቱ ይቅር፣ እሱ አያንገበግበኝም። የሚያንገበግበኝ፣ ያ ጭኗ ላይ ትደብቀው የነበረ መጽሐፍ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል የሚለው ነው። በገዛ እጄ የነጠቅኳት እየመሰለኝ ፈርቻለሁ፣ አባባ። ቤት ውስጥ እንጎራደዳለሁ። ሰገነት ተቀመጥ ትለኛለች፣ እቀመጥና እነሣለሁ። ዛሬ ታነሣው ይሆን፣ ነገ ታነሣው ይሆን እያልኩ መደርደሪያውን ሰርቄ አያለሁ። ይኸው ይህም ችኮላ ነው፤ ምን ላድርግ?

እማዬን ጉልበቷን ስመው ናፍቆቴን ይንገሩልኝ፤ ሰገነት የላከችላትን ሻርፕ ለክት ብላ እንዳታስቀምጠው። አስረሳሽን የዘንድሮ የኮሌጅ ፈተናሽን እግዚአብሔር ያቅናልሽ ይበሉልኝ። የፊት ለፊቱን ሱቅ የተከራየውን ሬድዋንንም ስለሚላላክላችሁ ያመስግኑልኝ። ሰገነት ሁላችሁንም ደጋግማ ሰላም ትላለች።

ናዝሬትን ደግሞ ምን ልጻፍልሽ ብላት፣ ክረምቱን እናንተ ጋ መክረም እንደምትፈልግ ንገርልኝ አለች። ቦርሳዋ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ከትታለች፤ ማንም አላዘዛትም። ለምን ጎባ እንደመረጠች ስጠይቃት፣ «አያቴ ጆሮው አይሰማም። ቀስ ብዬ ባነብ አያውቅብኝም» አለችኝ። ሐምሌ ሲገባ ሰገነት ይዛት ትመጣለች። እኔም ፈቃድ ወስጄ አብሬያችሁ ልምጣ ብያት ነበር። «አንተ እዚሁ ሁን» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ልጅዎ ልደቱ በላይነህ
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.