ሰላምታችን ሳያልቅ ስለሚተኛው ኮምፒውተር

ለተከበሩ አቶ ዘውዴ
የቀበሌያችን የልደትና የጋብቻ ምዝገባ ኃላፊ
ሸዋ ሮቢት

ጉዳዩ፦ ቀን ቀን ነቅቶ እንዲውል ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤና፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለመጪው እሑድ ለሚድሯት ልጅዎ፣ እንዲሁም በምዝገባው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ አብዛኛውን የሥራ ሰዓት በእንቅልፍ ለሚያሳልፈው ኮምፒውተርዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ ሙቀቱ የፈቀደልኝን ያህል ደህና ነኝ። ባለቤቴ መቅደስም ደብረ ሲና በጉሙ ውስጥ ደህና ናት። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተገደድኩት እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ ደህና መሆናችን ስላልበቃን ነው።

እርስዎ ያውቁኛል፤ ደብዳቤው በጽሕፈት ቤትዎ ማስታወቂያ ሰሌዳና በእኔ መስታወት ላይ ስለሚለጠፍ ግን ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት ሙሉቀን ነኝ። የክቡርነትዎን ራስ ባለፉት ዓመታት በየጊዜው በሁለት እጄ ይዤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ያዘነበልኩ ሰው ስለሆንኩ፣ በቀበሌያችን ውስጥ ይህን ያህል የተሰሚነት ዕድል ያገኘ ነዋሪ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መቅደስ ደብረ ሲና መምህርት ናት። ባለፈው ጥር ተጋባን፤ እርስዎም በድንኳኑ ተገኝተው መርቀውናል። ወደዚህ ተዛውራ እንድታስተምር የጋብቻ ምስክር ወረቀት ማቅረብ አለባት፤ የዝውውር ምዝገባው ደግሞ የፊታችን ዓርብ ይዘጋል። ካለፈን የሚቀጥለው ዕድል ከርሞ ነው። ከርሞ ማለት በየቅዳሜው ሱቅ ዘግቶ፣ እዚህ ላብ እያጠበኝ ጋቢ ተሸክሞ ሚኒባስ መሳፈር፣ ከዳገቱ አናት ላይ ጋቢውን መከናነብ፣ እሑድ ደግሞ ያንኑ ጋቢ ተሸክሞ መውረድ ማለት ነው። ረዳቶቹ ጋቢዬን ለይተው ስላወቁት ‹‹ባለ ሚስቱ መጣ›› እያሉ ቦታ ይይዙልኛል፤ ስለዚህም ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

ያለ ቁጥር የቀረበ ጉዳይ በመሥሪያ ቤትዎ እንደማይስተናገድ ተምሬያለሁና አቤቱታዬን በቁጥር እነሆ።

፩. ምስክር ወረቀቱን ለማውጣት መጀመሪያ የመጣን ቀን የምዝገባ ሠራተኛዋ ወይዘሪት ሂዳያ በመልካም ፊት ተቀብላን የእኔን ስም፣ የመቅደስን ስም፣ የአባቶቻችንን ስም ጽፋ ወደ አያቶቻችን ተሻግራ ነበር። በዚህ መካከል አባባ አብዱልሰመድ የልጅ ልጃቸውን ልደት ሊያስመዘግቡ ከአሊዩ አምባ መጥተው ገቡ። ሂዳያ አሳዳጊ የበደላት ልጅ ስላይደለች እጇን ከኪቦርዱ አንሥታ፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ‹‹አሰላሙ ዓለይኩም አባባ›› አለች። እሳቸውም መለሱ። ከዚያ በደንቡ መሠረት ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሾው አዝመራ፣ ስለ ዝናቡና ባለፈው ታመው ስለነበሩት እህታቸው ተጠያየቁ፤ በየጣልቃውም አልሐምዱሊላህ ተባለ። እኔና መቅደስም ከጥያቄው ድርሻችን ደረሰን። ኮምፒውተሩ ግን ገና ማሾው ላይ ሳለን ተኝቷል።

ሲቀሰቀስ ፓስወርድ ጠየቀ። ፓስወርዱን ለደኅንነት ሲሉ በልብዎ ብቻ የሚይዙት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ሲከፍቱት ገጹ በራሱ ጊዜ ተዘግቶ፣ አያቶቻችንም አባቶቻችንም ወደነበሩበት ተመልሰው ነበር። መቅደስ የተፈቀደላት ለግማሽ ቀን ስለነበር ሚኒባሷን ተሳፍራ ሄደች። በሌላ ቀን ስንመጣ የተኛው አንድ አባት ገብተው መስቀል ስንሳለም ነው። ሦስተኛው ላይ ሂዳያ በአንድ እጇ ማውሱን እያንቀሳቀሰች በሌላው ሰላም ለማለት ሞከረች፤ እንግዳዋ እትዬ ሸዋዬ ግን ግማሽ እጅ ሰላምታ ለጠላትም አይሰጥም ብለው ስላዘኑ፣ እሳቸውን ለማጽናናት ሌላ ሁለት ደቂቃ ሄደ። ሁለት ደቂቃ ደግሞ መተኛት ይበቃዋል።

ስለዚህ ኮምፒውተርዎ ያለሰው ንክኪ ነቅቶ የሚቆየው ለሁለት ደቂቃ ብቻ እንዲሆን የተወሰነበትን ጥበብ ሳላደንቅ አላልፍም። በይፋት ምድር በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ሰላምታ ያለው በተጣሉ ሰዎች መካከል ብቻ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ፈጣን አገልግሎት ለማግኘት መጀመሪያ መጣላት እንደሚያስፈልግ በዚህ መንገድ ስላስተማረን እናመሰግናለን።

፪. ችግሩን ለማጣራት ያሳዩት ትጋትም እንዲሁ የሚመሰገን ነው። መጀመሪያ ቫይረስ ነው ተባለ። ቀጥሎ አፕዴት ነው ተባለ። ከዚያ ጥፋቱ ወደ መብራቱ ዞረ፤ ማከፋፈያው ተቀየረ፤ ቬንትሌተሩም ከባለጉዳዮች ላይ ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተሩ እንዲዞር ተደረገ። ከዚያ ወዲህ እኛ ላባችንን በመሐረብ እየጠረግን፣ እሱ ነፋስ እየተቀበለ ይተኛል።

ብሩክ የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያም ከደብረ ብርሃን ተጠርቶ መጣ። ፈትሾ ዕቃው ጤነኛ ነው አለ፤ የእንቅልፉን ሴቲንግ ከፍቶ ‹‹ፈጽሞ አይተኛ›› የሚለው ላይ አደረገውና ሄደ። በማግስቱ ሁለት ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። ሂዳያ መልሳ ‹‹ፈጽሞ›› አደረገችው፤ በማግስቱም ሁለት ደቂቃ። ባለሙያው በስልክ ሲጠየቅ፣ ወይ ሰው እየነካው ነው፣ ወይ ደግሞ ከእሱ ትምህርት በላይ የሆነ ነገር ነው የሚል መልስ ሰጠ። ከዚህ በኋላ በእርስዎ ሰብሳቢነት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም ዕቃው በቆላው ሙቀት እየደከመ መሆኑን ደረሰበት።

፫. ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ድምፄን ትንሽ ዝቅ አድርጌ እንድጽፍ ይፍቀዱልኝ።

ባለፈው ሳምንት ወንበሬ ላይ ዐይንዎን ጨፍነው፣ አገጭዎን ቀና አድርገው ሳለ አንድ ነገር አጫወቱኝ። ‹‹ሙሌ፣ ይሄ ዕቃ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ሲያበራ ያድራል። ጠዋት ጀርባውን ስነካው ምጣድ ነው። እኔ ነኝ በየማለዳው ሁለት ደቂቃ ላይ አድርጌ የማሳርፈው፤ አምስት ነበር፣ ሰው ሲያማርር ጊዜ ደከመው ብዬ ቀነስኩለት። በዚህ ሙቀት እንኳን ዕቃ ሰው መች ይችላል?›› አሉኝ። ምላጬ ጉሮሮዎ ላይ ስለነበር ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁም። የዚያ ዓይነት ክርክር የሚደረግበት ቦታ አልመሰለኝም።

በማግስቱ መስኮቱ ጋ ቆሜ ሂዳያም የበኩሏን አጫወተችኝ። ማታ ስትወጣ ‹‹ፈጽሞ አይተኛ›› አድርጋ፣ ሳታጠፋው ትሄዳለች፤ ካጠፋችው ጠዋት ፓስወርድ ይጠይቃታላ። ጠዋት የምትገባው እርስዎ ከበሩ እንደወጡ ወዲያው ነውና፣ ገና ሳይተኛ ክፍት ሆኖ ስለምታገኘው እንዳደረገችው ያደረ ይመስላታል። ተቀይሮ እንደነበር የምታውቀው የመጀመሪያው እንግዳ ገብቶ ሰላም ስትለው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እርስዎ ስብሰባ ሄደዋል። ሌሊት ሌሊት የሚቀይረው ቫይረስ ነው ብላ ታምናለች። ለምን ጋሼ ዘውዴን አትጠይቂያቸውም ብላት ‹‹በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ሰው እንዴት ብዬ?›› አለችኝ። እርስዎም በበኩልዎ የሠራተኛዋን ሥራ የሚሻሙ እንዳይመስልብዎ አልነገሯትም።

እንግዲህ እርስዎ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ ያድራል ብለው አዝነው ያስተኙታል፤ እሷ ቀኑን ተኝቶ ዋለ ብላ ሌሊቱን ሙሉ ታስነቃዋለች። ማማረራችን በበዛ ቁጥር እርስዎ የደከመው ይመስልዎታል፤ እርስዎ ባሳረፉት ቁጥር እኛ እናማርራለን። ዝም አይነቅዝም ሲባል የሰማሁት ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ በእናንተ ክፍል ውስጥ ግን ነቅዞ እኔን እያሳከከኝ ነው። ሁለታችሁም ደግ ሰዎች ናችሁ፤ በሁለት ደግ ሰዎች መካከል ተቀምጦ ሚስት ማጣትን የመሰለ ነገር አላየሁም።

ስለ ቫይረሱም ኮሚቴው የጎደለው ማስረጃ ካለ እኔ መስጠት እችላለሁ፤ ከሱቄ በር ላይ ሆኜ በየማለዳው አየዋለሁ። ግራጫ ኮፍያ አድርጎ በባጃጅ ይመጣል፤ ለዘበኛው እንደምን አደርክ ይላል፤ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ይገባል። በጣም ጨዋ ቫይረስ ነው። ለእኔም ሁልጊዜ እጁን ያነሣልኛል።

፬. አራተኛው አቤቱታ አይደለም፤ ግን ቁጥሩ ከተጀመረ ልጨርሰው። መቅደስ ናፍቃኛለች። ማታ ማታ ደውላ እዚያ ጉም ወርዶ የጎረቤት ደጅ እንደማይታይ ስትነግረኝ፣ እኔ እዚህ በሙቀቱ በር ከፍቼ እቀመጣለሁ። ከዛፋችን የወረደውን ማንጎ አስቀምጥላታለሁ፤ ቅዳሜ ሲደርስ በስሎ አልፎበታል። ቆላ እንደማትወድ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ ቢሆንም እኔን ብላ ልትወርድ ወስናለች። ሚስቴ ይህን ያህል ወስናልኝ፣ በአንድ ዕቃ እንቅልፍ ምክንያት ዳገት ላይ ስትቀር ዝም ብል ከእንግዲህ ማን ባል ይለኛል? ከጥር ወዲህ አብረን የዋልንባቸው ቀኖች የእርስዎ ኮምፒውተር ነቅቶ የዋለባቸውን ያህል ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ብቻ ነው። መቅደስ ሐሙስ ጠዋት ከደብረ ሲና ትወርዳለች፤ የመጨረሻ ፈቃዷ ነው። በዚያን ዕለት ማለዳ እንደተለመደው ሲገቡ እጅዎን ጀርባው ላይ ያሳርፉ፣ አይዞህ ይበሉት፣ ሴቲንጉን ግን እንዳለ ይተዉት። ከዚያ ሂዳያ እስክትመጣ ጠብቀው፣ በየማለዳው ማን ሲያስተኛው እንደከረመ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሯት። እንዲያርፍ ከፈለጉም ማታ ሲወጣ ይጥፋ፤ ጠዋት መክፈቻው ለእሷም ይነገራት። እንደማንኛችንም ቀን ሠርቶ ሌሊት ይተኛ። የግድ ቀንም ይተኛ ከተባለ፣ የጊዜው ልክ የአባባ አብዱልሰመድ ሰላምታ ከነማሾው፣ ከነዝናቡ፣ ከነእህታቸው እንዲሆን፣ በላዩም ለመስቀል መሳለሚያ ጥቂት እንዲታከልበት በአክብሮት አሳስባለሁ።

ለአዲስ ሙሽሮች ትዕግሥትን፣ ለሚኒባሶች ገበያን፣ ለእኔ ጋቢ ደግሞ ዝናን ስላተረፈው አመራርዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከወንበሬ ቢነሡም ከልቤ የማይነሡት ክቡር ሆይ፣ በሩቅ ባለትዳርነትና በቅርብ ጎረቤትነት፣ ከፀጉር መቁረጫ ቶንዶሴና ከመቀሴ ጋር እጅ እነሣለሁ።

ሙሉቀን
ፀጉር አስተካካይና፣ በመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ መሠረት፣ ላጤ

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ሂዳያ፤ ሰላምታዋን እንዳታሳጥር።
ለአባባ አብዱልሰመድ፤ እሳቸውም እንዳያሳጥሩ።
ለቬንትሌተሩ፤ ወደ ሕዝቡ እንዲመለስ።

ከፊርማው በኋላ የታወሰኝ፦ ለልጅዎ ሠርግ ሊስተካከሉ ቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ እንደያዙ አልዘነጋሁም፤ ወንበሩም ተጠርጎ ይጠብቅዎታል። ከመሥሪያ ቤትዎ ብዙ ስለተማርኩ ግን በሱቄ አንድ ትንሽ ደንብ አውጥቻለሁ። ቶንዶሴም ዕቃ ነው፤ በሙቀት ይደክመዋል፤ ስለሆነም ደንበኛው ሁለት ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ከተቀመጠ ያርፋል። ፀጉር ሲቆረጥ ደግሞ መንቀሳቀስ እንደማይቻል ያውቃሉ። ዓርብ ማታ መቅደስ ደውላ ተመዘገብኩ ካለችኝ ደንቡ ለእርስዎ ተነሥቶ በሁለቱም በኩል አምረው ልጅዎን ይድራሉ። ካልሆነ ግን ከቀኙ እጀምራለሁ፤ ግራውን ለመቀጠል ፓስወርድ ያስፈልጋል፤ ፓስወርዱን የያዘችው መቅደስ ናት፤ እሷ ደግሞ ያለችው ደብረ ሲና ነው።