እንከን የለሹ መሪ እና የሎርኒ አውራ ጣት

ለክቡር ሚስተር ሞርቲመር ኤልድሪጅ፣
የያላምቢን አውራጃ የእሳት አደጋ ተሽከርካሪዎች ቁጥጥር ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም እጆችዎ ደኅና ናቸው? ስለ እጆችዎ ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ እደርስበታለሁ። እኛ በያላምቢን ሙቀቱንም ዝንቡንም ችለን፣ ለክብርዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘን አለን። ምኞታችን ከልብ ነው፤ የሥራዎን ፍሬ በሕይወት ቆመው እንዲያዩት እንፈልጋለን።

እኔ ግሌኒስ ትሬዊን እባላለሁ። የያላምቢን በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ማኅበር ፀሐፊ ስሆን፣ ከሾፌርነቱ ያነሡት የሎርኒ ትሬዊን ሚስትም ነኝ። ሚስቱ ስለሆነች ታዳላለች ብለው ቢያስቡ አልፈርድብዎትም፤ አዳላለሁ። ቂመኛም ነኝ። ባለቤቴ «ተይው እባክሽ፣ ያልፋል» ይላል፤ እኔ ግን እንዲያልፍ አልፈልግም። ከዚህ በፊት በትሕትና ያቀረብሁትን አቤቱታ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉ፣ ይኸኛውን አገር እንዲያነበው በመንደራችን ጋዜጣ አውጥቼዋለሁ። ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እየለመንሁ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ምርመራዎ አመሰግናለሁ። ሎርኒ በክረምቱ የማኅበራችንን የውሃ ታንክ የተጫነባትን ቀይ የእሳት ማጥፊያ ፒክአፕ ይዞ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ ሕመሟን ሳይደብቅ ነግሮዎት ነበር፦ «የውሃው ታንክ ሞልቶ መንገዱ ላይ የተነጠፈውን የከብት ማገጃ የብረት ርብራብ በፍጥነት ስሻገር፣ መሪው እጄ ላይ እንደ እብድ ይንቀጠቀጣል። እስክቆም ድረስም አይለቀኝም። ታንኩ ባዶ ሲሆን ግን ምንም የለም።» ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ፣ በመጀመሪያ ታንኩን አስደፉት። ቀጥለው የመኪናዋን ፊት በክሪክ አንሥተው፣ ሸክሙን ያራገፉትን ጎማዎች አየር ላይ እንደ ሕፃን እግር ወዘወዟቸው። በመጨረሻም ራስዎ ነድተው በእግር ኳስ ሜዳው ዙሪያ በአስፋልቱ ላይ ቀስ ብለው አንሸራሸሯትና፣ «ሎርኒ ወንድሜ፣ ይቺ እኮ ከእኔ መኪና ትሻላለች!» ብለው ሳቁ። በእኛ ዘንድ ይህን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንለዋለን። በቢሮዎ ግን ምርመራ መባሉን ስላሳወቁን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ አዲሱ ሾክ አመሰግናለሁ። ሎርኒ ተመልሶ «ያው ነው፣ እንዲያውም ብሶበታል» ቢልዎት፣ የመሪውን ንዝረት የሚያበርደውን ሾክ አውጥተው በአዲስ ለወጡት። እውነት ለመናገር መንቀጥቀጡ ጥቂት ሰንበቶች ዝም አለ። የሚያመውን ጥርስ ሳይነቅሉ ማደንዘዣ የሚወጉ ሐኪም ቢኖሩ፣ እርስዎ አለቃቸው በሆኑ ነበር። ሾኩ የሚያደርገው ሕመሙን መደበቅ ብቻ መሆኑን እዚህ አገር ሥጋ ለመግዛት ፒክአፕ የሚነዳ ሁሉ ያውቃል፤ ክቡርነትዎም ያውቃሉ። ምክንያቱን መፈለግ ከቢሮ ወጥቶ ከመኪናዋ ሥር መተኛትን፣ መተኛት ደግሞ ሸሚዝ ማቆሸሽን ይጠይቃል። ያ ሸሚዝ እስከ ዛሬ ንጹሕ በመሆኑ እንኳን ደስ አለዎት።

ሦስተኛው ስለ ጣት ነው፤ ንዴቴን ይታገሡኝ። ያላምቢን ውስጥ መንገድ ላይ ሁለት መኪና ሲገናኝ ሾፌሮቹ ከመሪው ላይ ጠቋሚ ጣታቸውን ብድግ ያደርጋሉ። ሰላምታችን ይኸው ነው፤ እጅ ማውለብለብ የከተማ ሰው ነገር ነው። ያቺን አንዲት ጣት የማያነሣ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ተቀይሟል። ሎርኒ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ጀምሮ ለወዳጅም ለጠላትም፣ አንዳንዴም ለቆመ ትራክተር ጣቱን ሲያነሣ የኖረ ሰው ነው። የሾኩ ማደንዘዣ ሲያልቅ ግን፣ በየእሑዱ ልምምድ ያቺን መኪና ሲነዳ አንድ ጣት ቀርቶ ትንፋሹን የሚለቅበት ጊዜ አላገኘም። ጎረቤታችን ክላሪ ኖብስ መንገድ ላይ አገኘው፤ ጣት የለም። በሌላው እሑድ ደግሞ አገኘው፤ አሁንም የለም። ክላሪ ከዓርብ ማታ ቢራችን ቀረ። ሱቅ ውስጥ ለሰው ሁሉ «ሎርኒ ቀይ መኪና ተሰጠውና ሰው መሆናችንን ረሳ። ኩራት ጣቱን አሠረው» ማለቱን ሰማን። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው በግ የሸለቱ ሰዎች ናቸው።

አራተኛ፣ እሳት የተነሣበትን ያን ቀን ላንሣ። ክላሪ ስንዴውን ሲያጭድ ከኮምባይነሩ እሳት ተነሥቶ ገለባውን ያዘው። ሎርኒ ታንኩን ሞልቶ ከነፈ። ርብራቡን ሲሻገር መሪው ከእጁ ወጥቶ ዞረ፣ ተመልሶም አውራ ጣቱን ሰበረው፣ መኪናዋም አጥር ጥሳ ቦይ ውስጥ ገባች። ሌሎቻችን ውሃ ይዘን እስክንደርስ የክላሪ የድርቆሽ መጋዘን ዐመድ ሆነ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልሞተም። ክላሪ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ ቦዩ አጠገብ መጣና፣ እጁን አቅፎ የተቀመጠውን ባለቤቴን «ሰላምታውንም ነሣኸኝ፣ ውሃውንም ነሣኸኝ። ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ!» አለው። እኔ መልሴን ለእርስዎ አስቀመጥሁት።

ክቡርነትዎ ታዲያ ሳይዘገዩ ደረሱልን። ለአደጋው ምክንያቱ የሾፌሩ መቸኮልና መሪ አያያዝ አለመቻሉ ነው ብለው ወሰኑ፤ ሎርኒንም ከሾፌርነት አነሡት፤ የመሪ አያያዝ ትምህርት እንዲወስድም መከሩ። ለሾፌር መሪ አያያዝ፣ ለዓሣ ዋና! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ ዳውላው ባሌ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። የተጣመመውን የፊት መከላከያ አቃንተው፣ ቀለሙን አድሰው፣ «መሪዋ ምንም እንከን የለበትም» የሚል ወረቀት ፈርመው መኪናዋን መለሱልን። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ከዚያ ወዲያ ሱቁም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ቢራ ቤቱም ባሌን ዞር ብሎ ማየት ተወ። የእሳት ጥሪ ሲነፋ አሁንም ከበረንዳው ወንበር ብድግ ይላል። ቆሞ ይሰማል። ከዚያ መልሶ ይቀመጣል። ይህን ባየሁ ቁጥር፣ ክቡር ሆይ፣ እርስዎን በጸሎቴ አስባለሁ፤ የጸሎቱን ዝርዝር አይጠይቁኝ።

አምስተኛ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ያለፈው ቅዳሜ መኪናዋን በአዳራሹ ግቢ አቁመን ያልተደረገላትን አደረግንላት። ክሪክ አልፈለግንም፤ አራቱም ጎማዎች መሬት ረግጠው፣ ታንኩ ሞልቶ፣ ሸክሟ በትከሻዋ ላይ እንዳለ ነው። እኔ መሪውን ይዤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሹ ማወዛወዝ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ከሥር ተኝቶ መጋጠሚያዎቹን በእጁ መዳሰስ። እዚህ አገር ይህን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ እርስዎን እስካውቅ ድረስ ማለቴ ነው። ክላሪ ኖብስ «ባልሽን ለማዳን ብረት ስትከስሺ ደረስሁ» እያለ አጥር ተደግፎ ቆሟል። እኔም ንዴቴ መጣና «ወሬኛ! አፍህን ከምትከፍት ለምን ከሥር ገብተህ አታይም?» አልሁት። ክላሪ ሰው የሚለውን አያምንምና፣ በዚያ ቦርጩ እያቃሰተ ገባ።

መሪውን አወዛወዝሁ። ክላሪ ከሥር «እስቲ ድገሚ» አለኝ። ደገምሁ። «አቁሚ! አቁሚ ስልሽ! እጄ ላይ እያንኳኳ ነው እኮ፣ በስመአብ!» የፊት ጎማዎቹን የሚያያይዘውን አክስል ከመኪናዋ አጥንት ከሻንሲው ጋር አግድም የሚያስረው ዘንግ አለ፣ ክቡርነትዎ በስም ያውቁታል። ጫፉ ላይ ብረቱን ከብረት የሚለየው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ ተበልቶ አልቋል፣ ቡሎኑ ቀዳዳውን አስፍቶ ወዲያና ወዲህ ይዘላል፤ መሪው በዞረ ቁጥር አክስሉ በሙሉ ወደ ጎን ይሸሻል። ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል የማይታየው፣ ሸክም ሲጫነው ብቻ የሚታየው ይኸው ነው። የቀዳዳው ጠርዝ ዝጎ አርጅቷል፤ የአንድ ቀን ጉዳት አይደለም። ክላሪ ወጥቶ አቧራውን ሳያራግፍ ወደ ቤታችን በእግሩ ሄደ። ደጄን አትርገጥ ያለውን ሰው ደጅ ራሱ ረገጠ። በረንዳው ሥር ቆሞ ሎርኒን እያየ ጠቋሚ ጣቱን ብድግ አደረገ። «ለካ ሰላምታ የነሣኝ አንተ አይደለህም፣ ያ የተረገመ ቡሎን ነው» አለው። ባሌ በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን ወደ ላይ አነሣና አለቀሰ፤ ክላሪም አለቀሰ፤ እኔ ሻይ አፍልቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን አበቃሁ፤ የቀረው ግብዣ ነው። በመጪው እሑድ ማኅበራችን በአዳራሹ ይሰበሰባል፤ ቋሊማ በዳቦ ይጠበሳል፤ አገሩ ሁሉ ይመጣል። ቡሎኑን አልነካነውም። መኪናዋ በፊርማዎ እንከን የለሽ እንደሆነች ቆማለች፤ እስከዚያው እሳት ቢነሣ በክላሪ ፒክአፕ ላይ ታንክ ጭነናል። ታንኩን ሞልተን እንጠብቅዎታለን። ክቡርነትዎ መሪውን ይዘው ከአዳራሹ ተነሥተው፣ ሎርኒ በሚነዳበት ፍጥነት ርብራቡን ተሻግረው፣ ክላሪ በር ደርሰው ይመለሱ። እኛ ከአጥሩ ወዲያ፣ ራቅ ብለን፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰለፋለን። ሁላችንም ጣታችንን እናነሣልዎታለን። እርስዎም እንደ አገሩ ወግ አንዲት ጣት ብቻ ያንሡልን። ካነሡልን ጥፋቱ የባሌ ነው፤ እኔም በአደባባይ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መንዳቱን ከፈሩ ደግሞ እኛ ደግ ሕዝብ ነን፤ በእግርዎ ገብተው፣ በሰው ሁሉ ፊት «ያጠፋው መኪናው እንጂ ሎርኒ ትሬዊን አይደለም» ብለው ወደ ቦታው ይመልሱታል። ሦስተኛ መንገድ እንዳይፈልጉ፤ ቢቀሩ መቅረትዎን ጥፋትዎን እንዳመኑበት ፊርማ ቆጥረን በሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብለን እናነበዋለን።

የእጆችዎን ጤና ሌት ተቀን የማስብ፣ ሸሚዝዎ ሳይቆሽሽ ስምዎ እንዳይቆሽሽ የምሳሳ፣ ውለታዎን እስከ መቃብር የማልረሳ፣

ታዛዥ አገልጋይዎ
ግሌኒስ ትሬዊን

ማሳሰቢያ፦ ርብራቡን ሲሻገሩ አውራ ጣቶችዎን ከመሪው ውስጥ አውጥተው ከላይ ያሳርፏቸው፤ መሪው ሲዞር ይሰብራል። ይህን ምክር የላከልዎ ሎርኒ ነው። እኔ ብሆን አልነግርዎትም ነበር።